ርካሽ የድምፅ መቅጃ መሣሪያ መግዛት ያዋጣልን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቻችን ጋር ሆነን በመቀሌ ከተማ ከልጃቸው ቤት ይኖሩ ወደ ነበሩ አንድ አዛውንት ለቀረጻ ሄደን ነበር። አቦይ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሰው ኣውሎ በተባለው የትግርኛ የቃል ግጥም በአካባቢያቸው የታወቁ ነበሩ። ለዚሁ ሥራ ስንል በብዙ ልመና በውሰት ያገኘነውን፣ ዋጋው ከአንድ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ የሚበልጥ ማይክሮፎን ይዘን ነበር የሄድነው። ቤተሰቡ በሳሎኑ መካከል ቦታ ለቀቀልን፤ እኛም ሽማግሌውን በመሣሪያ ላለማስጨነቅ ስንል ማይክሮፎኑን አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቀን በማቆሚያው ላይ ተከልነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቀረጽን። ማታ ተመልሰን ስናዳምጠው ድምፃቸው ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ቃል በቃል ላይ ተደራርቦ፣ ቤት መምቻው በማስተጋባት ተውጦ፣ ግማሹን እንኳ በጽሑፍ ለማስፈር አልቻልንም። በዚያው ዕለት የልጅ ልጃቸው ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ በእጅ ስልኩ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቅጂ ወስዶ ኖሯል። እሷ ግን ጥርት ያለች ነበረች። አቦይ በተከታዩ ዓመት ዐረፉ፤ በእጃችን የቀረው የእኛ የሁለት ሰዓት ጭጋግና የልጁ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

በየዓመቱ ከተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልናል። አንዱ የአያቱን ትውስታ፣ ሌላዋ የክራር ጨዋታ፣ ሌላው ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቃለ መጠይቅ መቅረጽ ይፈልግና ‹‹ርካሹን መሣሪያ ብንገዛ ያዋጣናል ወይስ ገንዘብ አጠራቅመን ደህናውን እንጠብቅ?›› ይለናል። የብር የምንዛሪ ተመን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለናረ፣ ‹‹አጠራቅሞ መጠበቅ›› የሚለው ምርጫ ራሱ ብዙ ጊዜ ‹‹መተው›› ማለት ሆኗል። የሚቀረጹት ሰዎች ግን አይጠብቁም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ምን ያህል ትውስታ ይዞ እንደሄደ እዚህ ላሉ አንባቢያን መንገር አያሻንም።

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር፤ በአብዛኛው ያዋጣል። ይሁንና ምክንያቱ ርካሹ መሣሪያ ከውዱ ጋር እኩል ስለሆነ አይደለም። በአብዛኛው የእኛ አገር ቀረጻ ውስጥ ድምፁን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ይህ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በፊዚክስ ዓይን ለማየት እንሞክራለን።

በሰም ላይ የቀረ ድምፅ

በ1898 ዓ.ም. (1906 እ.ኤ.አ.) በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን ሐውልቶችንና የድንጋይ ጽሑፎችን ሊያጠና ወደ ትግራይ መጥቶ ነበር። የቡድኑ ሐኪም ኤሪክ ካሽከ ከሕክምናው ጎን ለጎን በፎኖግራፍ የአገሬውን ሙዚቃ ቀረጸ፤ የሰም ሲሊንደሮቹም ወደ በርሊን የፎኖግራም ቤተ መዛግብት ገቡ። በእነዚያው ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል።

የዚያን ዘመን መሣሪያ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለውም። ድምፁ በቀንድ መሰል መለከት ይገባል፤ በመለከቱ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑም መርፌዋን እየገፋ ሰሙን ያስጭራል። አንድ ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ከጆሮአችን የመስማት ክልል (ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ) የሚያስቀረው ከመካከል አንዲት ጠባብ ሰቅ ብቻ ነበር፤ የከበሮ ጉርምርምታም ሆነ የ‹‹ስ›› እና የ‹‹ሽ›› ፉጨት በአመዛኙ አይገኝበትም። በዛሬ መለኪያ ከአንድ ተራ የእጅ ስልክ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም እነዚያ ቅጂዎች ከመቶ ዓመት በኋላ የሙዚቃ ተመራማሪዎች የሚመላለሱባቸው ቅርሶች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። መለከቱ ደካማ በመሆኑ ዘፋኙ አፉን ወደ መለከቱ አፍ ማስጠጋት ግዴታው ነበር። የመሣሪያው ድክመት ቀራጩን ትክክለኛውን ነገር እንዲያደርግ አስገደደው። እኛ ዘመናዊ ማይክሮፎን ይዘን ከአቦይ አንድ ሜትር ተኩል የራቅነው መሣሪያችን ጎበዝ ነው ብለን ስለተማመንንበት ነበር።

በውድ ማይክሮፎን የምንገዛው ምንድን ነው?

ማይክሮፎን በአየር ውስጥ ያለውን የግፊት ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጥ የሚቀይር መሣሪያ ነው። በገበያ ላይ የሚገኙት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። በስስ ሽፋኑ ላይ የተጣበቀ የሽቦ ጥቅል በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ባጠናነው በፋራዴይ ሕግ መሠረት ቮልቴጅ ይፈጥራል። በየመድረኩና በየአዳራሹ የምናየው የሹር ኤስኤም58 (ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት) የዚህ ወገን ነው። ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅም ብዙ አይጎዳም፤ ነገር ግን የሚያመነጨው ቮልቴጅ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጥሩ ማጉያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ኮንደንሰር ነው። ሽፋኑና ከኋላው ያለው ሰሌዳ አንድ ላይ ካፓሲተር ይሠራሉ፤ ሽፋኑ ሲንቀጠቀጥ የካፓሲተሩ አቅም ይለዋወጣል። በስቱዲዮዎች የሚሠራበት ዓይነት እንዲሠራ በኬብሉ በኩል 48 ቮልት እንዲላክለት ይጠይቃል። በ1962 እ.ኤ.አ. ጌርሃርድ ሴስለርና ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ዌስት በቤል ቤተ ሙከራ ቋሚ የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ ስስ ፕላስቲክ በመጠቀም ኤሌክትሬት የተባለውን ማይክሮፎን ፈለሰፉ። ሽፋኑ ሙሉን ራሱ ስለሚይዝ ለሽፋኑ የሚላክ ከፍተኛ ቮልቴጅ አስፈላጊነቱ ቀረ፤ ዋጋውም እጅግ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በካሴት መቅጃው፣ በስልኩ፣ በጆሮ መስሚያው ውስጥ ገባ። ዛሬ በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው ደግሞ በሲሊከን ላይ የተቀረጸ፣ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ሜምስ የተባለ ማይክሮፎን ነው።

እንግዲህ የውዱና የርካሹ ዋና ልዩነት አንዱ የራሳቸው ሹክሹክታ ነው። ማንኛውም ማይክሮፎን ፍጹም ጸጥታ ባለበት ቦታ ቢቀመጥ እንኳ ከውስጡ የሽሽሽታ ድምፅ ያወጣል፤ ይህም የሞለኪውሎችና የኤሌክትሮኖች ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ ውጤት ነው። በአንድ ጥሩ የእጅ ስልክ ሜምስ ማይክሮፎን ይህ ሹክሹክታ 29 ዴሲቤል ያህል ነው። ሰፊ ሽፋን ባላቸው ጥሩ የስቱዲዮ ኮንደንሰሮች ግን እስከ 5 ዴሲቤል ይወርዳል። የ24 ዴሲቤል ልዩነት በድምፅ ኃይል ሲሰላ 250 እጥፍ ያህል ነው። አምራቾች በማስታወቂያቸው የሚመኩት በዚህ ሲሆን፣ ትምክህታቸውም እውነት ነው።

ነገር ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው እናድርሰው። በመቀሌ መኪናና ባጃጅ ከሚያልፍበት መንገድ አጠገብ ባለ ሳሎን ውስጥ መስኮቱን ዘግተን ብንቀመጥ፣ ከውጭ የሚገባው ድምፅ 40 ዴሲቤል ያህል ነው ብንል አልተጋነነም። ዴሲቤል የሎጋሪዝም መለኪያ ስለሆነ 40 እና 29 ተደምረው 69 አይሆኑም፤ መጀመሪያ ወደ ኃይል መጠን መመለስ አለባቸው። 40 ዴሲቤል 10,000 ቢሆን 29 ዴሲቤል 794 ነው፤ ድምራቸው 10,794 ወደ ዴሲቤል ሲመለስ 40.3 ይሆናል። በውዱ ማይክሮፎን ደግሞ 10,000 እና 3 ተደምረው 40.0 ይሰጣሉ። የሁለቱ ልዩነት 0.3 ዴሲቤል ሲሆን ማንም ጆሮ አይለየውም። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ሳሎን ውስጥ ውዱን ማይክሮፎን የገዛ ሰው የከፈለበትን ጸጥታ ከመንገዱ የሚመጣው ጩኸት ነጥቆታል።

አሁን ያንኑ ሥራ ከከተማ ርቀን በገርዓልታ ተራሮች ሥር፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ የዙሪያው ድምፅ 20 ዴሲቤል በሆነበት ቦታ እናስበው። በስልኩ የሚገኘው ጠቅላላ ሹክሹክታ 29.5፣ በውዱ ደግሞ 20.1 ይሆናል። የ9.4 ዴሲቤል ልዩነት ማንም የሚሰማው ነው። ስለዚህ በጸጥታ ውስጥ የሚደረደር በገና ወይም የሌሊት ወፎችን ድምፅ ለመቅረጽ የተነሣ ሰው በርካሽ ማይክሮፎን ቢያዝን ልክ ነው። ቃለ መጠይቅ የሚቀርጸው ግን አይደለም።

ለእሱ ከማይክሮፎኑ ዋጋ ይልቅ ርቀት ይበልጥበታል። ተራ ንግግር በ1 ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል ያህል ነው። ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ማይክሮፎኑን ከ160 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ብናቀርበው ሦስት ጊዜ በግማሽ ቀንሰናልና 18 ዴሲቤል በነጻ አገኘን ማለት ነው። የአቦይ የልጅ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ሎጋሪዝም ሳይቆጥር።

የድንጋይ ቤት ጉዳይ

መቀሌ የድንጋይ ከተማ ናት። የአካባቢው በሃ ድንጋይ በጠራቢዎቿ እጅ ውበት ሆኖ በየግድግዳው ይታያል፤ በዚህም እንኮራለን። ለድምፅ ቀረጻ ግን ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። ጥርብ ድንጋይ፣ ልስን፣ ሲሚንቶና መስታወት ከሚደርስባቸው ድምፅ የሚመጡት ከመቶ 2 ወይም 3 እጁን ብቻ ሲሆን የቀረውን ሁሉ መልሰው ይወረውሩታል።

ይህን በቁጥር ለመግለጥ መንገድ የከፈተልን የሃርቫርድ መምህሩ ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው አዲስ የተሠራ አንድ የትምህርት አዳራሽ ንግግር የማይሰማበት ሆኖ በመገኘቱ እንዲያስተካክለው ታዘዘ። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን በሌሊት እያስመጣ፣ የኦርጋን ድምፅ ካቆመ በኋላ ማስተጋባቱ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆይ በጆሮውና በሰዓት ይለካ ጀመር። ባዶው አዳራሽ ከ5 ሰከንድ በላይ ያስተጋባ ነበር፤ ትራሱ በበዛ ቁጥር እያጠረ ሄደ። ከዚህ ያገኘው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። የማስተጋባት ጊዜ በሰከንድ = 0.161 × የክፍሉ ይዘት ÷ ጠቅላላ ድምፅ መጣጭ ስፋት። የማስተጋባት ጊዜ የምንለው ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ የሚፈጀውን ጊዜ ነው።

4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ባዶ ሳሎን እንውሰድ። ይዘቱ 48 ሜትር ኩብ፣ የግድግዳው፣ የወለሉና የጣሪያው ስፋት በድምሩ 80 ሜትር ካሬ ነው። ከመቶ 3 እጅ ቢመጥ መጣጭ ስፋቱ 2.4 ሜትር ካሬ ይሆናል፤ የማስተጋባት ጊዜውም 3.2 ሰከንድ። በእነዚህ 3.2 ሰከንዶች ውስጥ አንዲት ቃል ከግድግዳ ግድግዳ ከ450 ጊዜ በላይ ትላተማለች። ተናጋሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ቃላት ተናግሯል፤ ሁሉም በአየር ላይ ተደራርበው ይንሳፈፋሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ለቀራጩ ዋናው ነው። ከተናጋሪው አፍ እየራቅን ስንሄድ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅና ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ እኩል የሚሆኑበት አንድ ርቀት አለ። ቀመሩ 0.057 × √(ይዘት ÷ የማስተጋባት ጊዜ) ነው። ለእኛ ባዶ ሳሎን ሲሰላ 22 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ስንዝር ያህል መሆኑ ነው! ከዚያ ወዲያ ያለ ማይክሮፎን ከሰውየው ይልቅ ቤቱን ይቀርጻል፤ ማይክሮፎኑ በውድነቱ የታወቀ ቢሆንም ቤቱን በጥራት ይቀርጻል እንጂ ሰውየውን አያቀርብም። የእኛው ስህተት በቁጥር ሲነገር ይህን ይመስላል።

ለአማርኛና ለትግርኛ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያሉ ድምፆች ሲፈጠሩ አየሩ ለአፍታ ይታገድና በድንገት ይፈነዳል። ‹‹ከመረ›› እና ‹‹ቀመረ›› የሚለዩት በዚህች ቅጽበታዊ ጸጥታና ፍንዳታ ነው። ያለፈው ቃል ማስተጋባት ይህችን ጸጥታ ሲሞላት ልዩነቱ ይደበዝዛል። የአገራችን ጆሮ ከዐውዱ ገምቶ ይረዳው ይሆናል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያዳምጠው ግን ዐውዱን ላያውቀው ይችላል።

መድኃኒቱ ከቤት ውስጥ የሚገኝ ነው። በዚያው ሳሎን ውስጥ 12 ሜትር ካሬ የሚሸፍን ፍራሽ፣ የተደራረበ ጋቢና ብርድ ልብስ ብናስገባ፣ እነዚህም ከመቶ 70 እጅ ይመጣሉ ብንል፣ የማስተጋባት ጊዜው ወደ 0.74 ሰከንድ ይወርዳል፤ ያ ወሳኝ ርቀትም ከ22 ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ጋቢውን ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ በገመድ መስቀል ይሻላል፤ አየሩ በብርቱ የሚወዛወዘው ከግድግዳው በአንድ አራተኛ የሞገድ ርዝመት ርቀት ላይ ነውና። 15 ሳንቲ ሜትር ለ570 ሄርዝ ያህል ሞገድ አንድ አራተኛ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ በሰው ንግግር ክልል መካከል ይገኛል። በየትንንሹ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ግን፣ ባለቤቶቹ ይቅር ይበሉንና፣ ይህን ያህል የሚረባ አይደለም። ስስ ወረቀት ስለሆነ የሚመጠው ጥቂት ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ የጥንቱ ሂድሞ ከዘመናዊው ሳሎን ይልቅ ለቀረጻ ሳይመች አይቀርም። ሸካራ ግድግዳው፣ የእንጨት ርብራብ ጣሪያው፣ በውስጡ የሚከማቸው እህልና ልብስ ድምፁን ይበትኑታል፤ ይመጡታልም።

ነፋስ፣ ቆርቆሮ፣ መብራት

ከደጅ የሚቀርጽ ሰው በመቀሌ ሌላ ባላንጣ ይጠብቀዋል። ከከተማዋ በስተ ደቡብ በአሸጎዳ፣ 84 ተርባይኖች ያሉትና 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተተከለው በከንቱ አይደለም። በቅጂ ላይ የምንሰማው የነፋስ ጉርምርምታ ከሩቅ የመጣ ድምፅ አይደለም፤ አየሩ በማይክሮፎኑ አካል ላይ ሲጠማዘዝ በሽፋኑ ላይ የሚፈጥረው የግፊት መናወጥ ነው። ስለዚህ ውድ ማይክሮፎንም ያለ ልብስ ከሆነ እንደ ርካሹ ያጉረመርማል። መፍትሔው ነፋሱን አዘግይቶ ድምፁን የሚያሳልፍ ጸጉራም ልብስ ነው። እኛ በመጀመሪያ ብልሃተኞች ነን ብለን ከበግ ለምድ ሰፋን፤ ነፋሱ ጠፋ፤ ድምፁም አብሮ ጠፋ። ቆዳው አየር አያሳልፍምና ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች ዘጋቸው። ጸጉሩ ሳስቶ በተሸመነ ጨርቅ ላይ ሲሆን ግን ጥሩ ሠራ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት በክረምት ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ መያዝ ደግሞ ድፍረት ነው። ለመብራቱ ጉዳይ አንድ ምክር እንስጥ። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ጋር ተያይዞ ሲቀረጽ ብዙ ጊዜ የ50 ሄርዝና የብዜቶቹ (100፣ 150...) ሁምታ ይገባል። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅረጽ በገንዘብ ከሚገዛ ማጣሪያ ሁሉ ይበልጣል። በተራ የጠጠር ድንጋይ ባትሪ የሚሠራ መቅጃም፣ መብራት ለወራት ተቋርጦ በከረመበት አገር፣ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ኪሎ ሄርዝና ቢት

በዚህ ብዙ አንቆይም። በ20,000 ሄርዝ የሚቆመውን የሰው ጆሮ ለማርካት በሰከንድ ከ40,000 በላይ ናሙና መውሰድ በቂ መሆኑን ናይክዊስትና ሻነን አሳይተዋል፤ 44,100 የተመረጠውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ስለሚሰጥ 16 ቢት 96 ዴሲቤል ይሸፍናል፤ ባለ 40 ዴሲቤል ሳሎናችን ደግሞ ግማሹን እንኳ አይጠቀምበትም። ‹‹192 ኪሎ ሄርዝ›› ተብሎ በካርቶን ላይ ለተጻፈ ቁጥር ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። 24 ቢት ግን አንድ ጥቅም አለው፤ የቅጂውን መጠን ዝቅ አድርጎ በመያዝ ተናጋሪው ድንገት ቢጮህ የሞገዱ ጫፍ እንዳይቆረጥ ያስችላል። የተቆረጠ ጫፍን በትክክል እንደነበረ አድርጎ የሚመልስ ፕሮግራም የለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑ ትንንሽ መቅጃዎችም ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ አሠራር ይዘው መጥተዋል። በእነዚህ ከቀረጻ በኋላም መጠኑን ማስተካከል ስለሚቻል ለጀማሪ እውነተኛ እፎይታ ናቸው፤ ማይክሮፎኑ ራሱ ከአቅሙ በላይ ካልተጮኸበት በቀር።

ገንዘብ የሚባክንባቸው

ርካሽ ሁሉ ያዋጣል አላልንም። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ በወርቃማ መረብ ያሸበረቀ፣ ማቆሚያና የስፖንጅ ኮፍያ ያለው ‹‹የስቱዲዮ ማይክሮፎን›› በትንሽ ዋጋ ይሸጣል። ቢኤም-800 በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ዓይነት በትክክል እንዲሠራ 48 ቮልት የሚሰጥ መሣሪያ ይፈልጋል። ገዢው ግን በቀጥታ በኮምፒውተሩ ቀዳዳ ይሰካውና ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሚያገኝ ድምፁ ይቀጭጫል፤ ሲያጎላው ሽሽሽታው አብሮ ይጎላል። ዕቃው ሙሉ በሙሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ያልተነገረ ግማሽ ዋጋ ስላለው ነው። በታዋቂ ስሞች የሚሸጡ አስመስሎ የተሠሩ ማይክሮፎኖችም በዓለም ገበያ በብዛት ይዘዋወራሉ፤ ከመደበኛው ዋጋ ሲሶ የተጠየቀበት ‹‹ሹር›› ሹር አለመሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሐሰተኛው የመረጃ ካርድ ነው። በላዩ 128 ጊጋ ባይት ተጽፎበት በውስጡ 8 ብቻ የያዘ ካርድ ሲሞላ አይናገርም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይም የጻፈ ያስመስላል። ማይክሮፎን ቢያንስ ጥፋቱን ወዲያው ያሰማል፤ ይህ ግን ከወር በኋላ ባዶ ፋይል ያሳየናል። ማንኛውም አዲስ ካርድ ለሥራ ከመዋሉ በፊት እስከ አፉ በፋይል ተሞልቶ፣ ፋይሎቹ እንደገና ተከፍተው መፈተሽ አለባቸው።

የእጅ ስልክም የራሱ ተንኮል አለው። ብዙ የስልክ መቅጃ ፕሮግራሞች ለስልክ ጥሪ የተዘጋጀ የድምፅ ማጽጃ ይጠቀማሉ። ማጽጃው የሰው ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ጩኸት ነው ብሎ ስለሚያስብ የጭራ ዋጣን ረዥም ድምፅ ይቦጫጭቀዋል፤ የከበሮውን ምት ያደክመዋል። ማጽጃውን ማጥፋት የሚቻልበትንና ፋይሉን በዌቭ ዓይነት ሳይጨመቅ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም መምረጥ ያሻል። ባለ 16 ቢት፣ አንድ መስመር ቅጂ በሰዓት 318 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ ለዛሬ ካርድ ይህ ቀላል ነው።

እንግዲያስ ምን ይገዛ?

ለቃለ መጠይቅና ለአያቶች ትውስታ በቅድሚያ መግዛት የሚያዋጣው ጆሮን የሚሸፍን፣ ድምፅ የማያስገባ ማዳመጫ ነው። እያዳመጠ የሚቀርጽ ሰው ስህተቱን እዚያው ያርማል፤ እኛ ያን ዕለት በጆሮአችን ላይ ማዳመጫ ቢኖር ኖሮ ከአምስት ደቂቃ በላይ አንሳሳትም ነበር። ቀጥሎ በኮሌታ ላይ የሚሰካ ባለ ሽቦ ማይክሮፎን። በኤሌክትሬት የሚሠራው ይህ ትንሽ ዕቃ ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ ከአፍ አንድ ስንዝር ላይ ስለሚውል፣ ከዚህ በላይ የቆጠርነውን ስሌት ሁሉ በራሱ ይፈታዋል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ሲቀረጹ ጨርቁ እየታከከ እንዳያንኮሻኩሽ ከውጭ በኩል መሰካት አለበት።

ሙዚቃ ለሚቀርጽ ቡድን ግን ምክራችን ይለያል። ክራር፣ ጭራ ዋጣና ከበሮ አንድ ላይ ሲጫወቱ አንድ የኮሌታ ማይክሮፎን አይበቃም፤ ሁለት ማይክሮፎን የተገጠመለት የእጅ መቅጃ ያስፈልጋል። ብቻውን የሚገዛ ተማሪ ካልቻለ አምስት ሆነው ይግዙት፤ በእቁብ ከብዙ የከበደ ነገር ተገዝቷል። ስቱዲዮ ለመክፈት የሚያስብ ደግሞ ከኮንደንሰር በፊት አንድ እውነተኛ ዳይናሚክ ማይክሮፎንና ቀላል የኮምፒውተር ማገናኛ ይያዝ። ዳይናሚኩ ከአፍ በቅርብ ተይዞ ስለሚሠራበት የመንገዱንና የግድግዳውን ድምፅ ብዙም አያነሳም። ለማረሚያ ኦዳሲቲ የተባለው፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚታደለው ፕሮግራም ይበቃል።

ራሳችሁ ሞክሩት

ለዚህ ሙከራ አንድ የእጅ ስልክ፣ ሁለት ጣውላና የልኬት ሜትር ይበቃሉ። መስኮቱን ዝጉ፤ ስልኩን በክፍሉ አንድ ጥግ አስቀምጡና ቀረጻውን አስጀምሩ፤ በሌላው ጥግ ሆናችሁ ጣውላዎቹን አንድ ጊዜ በኃይል አጋጩ። ቅጂውን በኦዳሲቲ ክፈቱት። የሞገዱ ከፍታ ከጫፉ ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ የፈጀውን ጊዜ አንብቡ፤ ያ የ20 ዴሲቤል ቅነሳ ስለሆነ በ3 ሲባዛ የክፍላችሁን የማስተጋባት ጊዜ ይሰጣችኋል። የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ለክታችሁ በ0.057 ቀመር ወሳኙን ርቀት አስሉ፤ ከዚያም አንድ ሰው በዚያ ርቀት፣ በእጥፉና በግማሹ ቆሞ ‹‹ከመረ፣ ቀመረ›› እያለ ሲናገር ቅረጹት። ሦስቱን ቅጂዎች ቃሉን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አሰሙትና የትኛውን እንደለየ መዝግቡ። በሚቀጥለው ቀን ጋቢና ፍራሽ አስገብታችሁ ሁሉንም ድገሙት።